የባሕር አየርና የወጥ ቤት ቁም ሣጥን

ከአንድ ቤት ክፍሎች ሁሉ የወጥ ቤትን ያህል እሳትና ውሃ የሚፈራረቁበት፣ ከንጋት እስከ ምሽትም እጅ የማይለየው ክፍል የለም። በዚህ ክፍል የሚቆመው ቁም ሣጥን ለዓይን ማረፊያ ብቻ የተሠራ ጌጥ አይደለም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሩዙና ዘይቱ የሚቀመጡበት ጎተራ፣ ሳህንና ድስቱ የሚደረደሩበት መደብ፣ ልጆች እንዳይነኩት የሚፈለገው ቢላዋና ክብሪት የሚሰወርበት ማኖሪያ ነው። በመሆኑም በሩ አልዘጋ፣ መሳቢያው አልወጣ ያለ ቁም ሣጥን የቤቱን ሥራ በየቀኑ ያደናቅፋል። የእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ አመራረጥ ግን በየአገሩ አንድ አይደለም። ለአዲስ አበባ የበጀው ለባሕር ዳርቻ ከተማ ላይበጅ ይችላል። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው በጅቡቲ ከተማ፣ በባልባላ ሰፈር ለሚኖር ቤተሰብ የሚስማማው የእንጨት ቁም ሣጥን ከነብረት ዕቃውና ከነቅቡ እንዴት እንደሚመረጥ ነው።

ባልባላ ከመሐል ጅቡቲ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ የተዘረጋ ሰፊ መኖሪያ ነው። የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ከተማዋን በሽቦ አጥር ማጠር ከጀመሩ በኋላ፣ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ እየሰፈሩ አስፋፍተውታል። አገሪቱ በ1977 እ.ኤ.አ. ነፃ ከወጣች ወዲህም ሰፈሩ ማደጉን አላቋረጠም። ዛሬ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ከየመን የመጣው ዐረብና ከኢትዮጵያ የወረደው ሠራተኛ በጉርብትና ይኖሩበታል። ከቤቶቹ ብዙዎቹ ከጣውላና ከቆርቆሮ፣ ሌሎቹም ከብሎኬት የተሠሩ ናቸው። ክፍሎቹ ጠባብ ሲሆኑ ምግብ የሚበስልበትና ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ይሆናል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን የወራት ቁጠባ የሚፈስበት ዕቃ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢበላሽ በሌላ ለመተካት ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ምርጫው የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ምርጫውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው አየሩ ነው። ጅቡቲ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ ብዙ ሰው አገሩ ደረቅ ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን የዝናብ ማነስና የአየር ድርቀት አንድ ነገር አይደሉም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ርጥበት ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ የአየሩ ርጥበት በአማካይ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ካምሲን የሚባለው ትኩስና አቧራማ ነፋስ ከየብሱ በኩል ይነሣል። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ርጥበቱም ወደ 40 በመቶ ዝቅ ይላል። እንግዲህ የባልባላ ቁም ሣጥን በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይረጥባል፣ አንድ ጊዜም ይደርቃል። በዚህ ላይ የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል። የርጥበትና የድርቀት መፈራረቅ የእንጨቱ ጠላት ሲሆን፣ ጨው ደግሞ የብረቱ ጠላት ነው።

በመጀመሪያ እንጨቱን እንመልከት። እንጨት ከተቆረጠና በመጋዝ ከተሰነጠቀ በኋላም ቢሆን ከአየሩ ጋር ያለውን ግንኙነት አያቋርጥም። አካሉ እጅግ ቀጫጭን ቱቦ በሚመስሉ ጅማቶች የተገነባ ነው። ዛፉ በተቆረጠበት ዕለት በእነዚህ ቱቦዎች ባዶ ቦታም፣ በግድግዳቸው ውስጥም ብዙ ውሃ ይገኛል። እንጨቱ መድረቅ ሲጀምር በባዶው ቦታ ያለው ውሃ አስቀድሞ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። የቀረው ርጥበት ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 30 በመቶ ገደማ ሲሆን ግን በግድግዳዎቹ ውስጥ የሰረጸው ውሃ መውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ይኮማተራል። አየሩ እንደገና ሲረጥብ የወጣው ውሃ ተመልሶ ይገባና እንጨቱ ያብጣል። ይህ ዕድሜውን ሙሉ የማይተወው ጠባዩ ነው።

መኮማተሩም ሆነ ማበጡ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ጅማቶቹ በተዘረጉበት አቅጣጫ፣ ማለትም በቁመቱ፣ ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በወርዱ ግን በግልጽ ይታያል፤ ያውም ከግንዱ እምብርት አልፎ ከተሰነጠቀ ሣንቃ ይልቅ ከግንዱ ጎን የተሰነጠቀው በእጥፍ ያህል ይንቀሳቀሳል። በባልባላ ይህ ምን ያህል እንደሚሆን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የአየሩ ርጥበት 70 በመቶ ሲሆን የእንጨቱ ርጥበት ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። በካምሲን ወራት ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ 5 በመቶ መሆኑ ነው። ከጎን የተሰነጠቀ መደበኛ እንጨት ለእያንዳንዱ የ1 በመቶ የርጥበት ለውጥ ከወርዱ ሩብ በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ወይም ስለሚቀንስ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የቁም ሣጥን በር ከጥር እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። አምስት ሚሊ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ትመስላለች፤ በር ላይ ግን የእርሳስ ውፍረት ያህል ክፍተት ልትከፍት ትንሽ ነው የሚቀራት። በረሮ የምትገባው በዚያ ነው። የበሩ ሣንቃ በምስማርና በማጣበቂያ ዙሪያውን የታሰረ ከሆነ ደግሞ መኮማተሪያ ቦታ ስለሚያጣ ከመሐል ይሰነጠቃል።

የጥንት አናጢዎች ይህን ችግር ያለ ሒሳብ ያውቁት ነበር። መፍትሔያቸውም ዛሬ ድረስ አልተሻረም። በሩን ከአንድ ወጥ ሣንቃ ከመሥራት ይልቅ ጠበብ ካሉ አራት እንጨቶች ፍሬም ያበጃሉ፤ በፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ቦይ ያወጣሉ፤ መካከለኛውን ሣንቃ በቦዩ ውስጥ ያለ ማጣበቂያ ያስገቡታል። ሣንቃው ሲያብጥ በቦዩ ውስጥ ይሰፋል፣ ሲደርቅም ይሰበሰባል፤ ፍሬሙ ግን ጠባብ እንጨቶች ስለሆኑ መጠኑን ያን ያህል አይለውጥም። ስለዚህ በባልባላ ከጥሩ እንጨት በር የሚያሠራ ሰው ለአናጢው አስቀድሞ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ «ምን ዓይነት እንጨት ነው?» የሚል ሳይሆን «መሐለኛው ሣንቃ ተጣብቋል ወይስ ልቅ ነው?» የሚል ነው። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ጥቂት የሚንቀሳቀስ ሣንቃ የሥራ ጉድለት አይደለም፤ ይልቁንም የብልህ አናጢ ምልክት ነው።

ሌላው ጥያቄ እንጨቱ ደርቋል ወይስ አልደረቀም የሚለው ነው። ገበያ ላይ ደረቅ ተብሎ የሚሸጥ እንጨት ሁሉ ደረቅ አይደለም። ይህንን በቤት ውስጥ በሚገኝ ሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል። ከሣንቃው ጫፍ ሳይሆን ከመሐሉ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ይመዘናል። ለምሳሌ 200 ግራም ቢሆን፣ ከምጣድ እሳት ከፍ ባለና በማያቃጥል ሙቀት፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይደርቃልና እንደገና ይመዘናል። 178 ግራም ቢወጣ የተነነው ውሃ 22 ግራም ነው። 22 ለ178 ሲካፈል 12 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ለባልባላ ተስማሚ ነው። 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከወጣ እንጨቱ ገና ስለሆነ በጥላ ሥር፣ በየሣንቃው መካከል ቀጫጭን ዘንግ እየተደረገ ተደርድሮ ወራት መቆየት ያስፈልገዋል። በፀሐይ ላይ ማስጣት ግን አይረዳም፤ ፊቱ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ስለሚቀር ይጣመማል።

አሁን ወደ እንጨቱ ዓይነት እንለፍ። ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣ ሰው ልቡ ወደ ዋንዛ ማዘንበሉ አያስገርምም። ዋንዛ ቀላልና ለመላጊያ የሚታዘዝ እንጨት ነው፤ ቡናማው ውስጠኛ ክፍሉ ምስጥንም በተወሰነ ደረጃ ይቋቋማል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን በቶሎ ይነቅዛልና ለቁም ሣጥን አይመረጥም። ዝግባ መልኩ ብሩህ፣ ጭረቱም የተስተካከለ ነው፤ ሆኖም ለምስጥና ለነቀዝ በቀላሉ ይሸነፋል። ጥድ በተቃራኒው ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው። ጠንካራ መዓዛው ግን ዱቄትና ቅመም በሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ሁሉም ሰው የሚወደው አይሆንም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጣመም ለቤት ማገር እንጂ ለቁም ሣጥን በር አይበጅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። ኮሶ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ጥድ በኢትዮጵያ እየተመናመኑ በመምጣታቸው፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ጅቡቲም ብትሆን ለጣውላ የሚበቃ ደን የላትም። በጎዳ ተራራ ላይ የሚገኘው የዳይ ደን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚገኘው ጥድ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጥድ የበቀለበት ነው፤ ነገር ግን ከዛፎቹ ብዙዎቹ ቆመው ደርቀዋል። ከዚያ ደን አንድ ሣንቃ ማውጣት አያስፈልግም፤ አይገባምም። በመሆኑም የባልባላ አናጢ እጅ የሚገባው እንጨት በአብዛኛው በመርከብ የመጣ ነው። ከሰሜኑ ቀዝቃዛ አገር የሚመጣው ነጣ ያለ የፈረንጅ ጥድ ርካሽና ቀላል ነው፤ በቅብ በሚገባ ከተሸፈነና ከመሬት ከፍ ካለ ያገለግላል። የትውልድ አገሩ ሕንድ፣ በርማና ታይላንድ የሆነው ቲክ ደግሞ በተፈጥሮው ቅባት ያለው፣ ለርጥበት የማይበገር፣ መኮማተሩም አነስተኛ የሆነ እንጨት በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ መርከብ ሲሠራበት ኖሯል። ለባሕር አየር ከእርሱ የተሻለ እንጨት ማግኘት ያስቸግራል። ዋጋው ግን ውድ ስለሆነ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ቁም ሣጥኑን ሁሉ በቲክ ማሠራት ለአብዛኛው ቤተሰብ ገንዘብን ማባከን ነው። ውሃ የሚነካውን የላይኛውን ገበታና የፊቱን ፍሬም ብቻ በቲክ አሠርቶ ሌላውን በርካሽ እንጨት መሙላት ይቻላል።

ወደብ ባለበት ከተማ ዕቃ የተጫነባቸው የእንጨት መደቦችና ሣጥኖች መገኘታቸው አይቀርም። ከእነርሱ መደርደሪያ ማበጀት ብልኅነት ነው። ሆኖም እንጨቱ ላይ በትኩስ ብረት ወይም በቀለም የታተመውን ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። ከአገር አገር በሚጓዝ እንጨት ላይ ነፍሳት እንዳይዛመቱ ጥንቃቄ ይደረጋል። «ኤች.ቲ.» የሚል የላቲን ፊደል የታተመበት እንጨት እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ፣ ለ30 ደቂቃም በዚያው እንዲቆይ ተደርጎ በሙቀት የተሰናዳ ነው። «ኤም.ቢ.» የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ታጥኗልና ምግብ ለሚቀመጥበት ሣጥን አይወሰድ። ምልክት የሌለው፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት እንጨትም እንዲሁ ነው።

ከወጥ እንጨት ሌላ በፋብሪካ የሚሠሩ ሣንቃዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኮምፔንሳቶ ለባልባላ ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። ኮምፔንሳቶ ከቀጫጭን የእንጨት ንጣፎች ተደራርቦ የሚጣበቅ ሲሆን፣ የአንዱ ንጣፍ ጅማት በቁመት ሲሄድ የሚቀጥለው በወርድ ይሄዳል። ቀደም ሲል እንደተመለከትነው እንጨት በቁመቱ ስለማይንቀሳቀስ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ የጎረቤቱን ማበጥ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮምፔንሳቶ በር በጥርም በሐምሌም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ልዩነት የሚያመጣው ማጣበቂያው ነው። ነጣ ያለው ተራ ማጣበቂያ ርጥበት ሲደጋገምበት ይለቃል፤ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር የሚያሳየው የፌኖል ማጣበቂያ ግን ፈልቶም አይለቅም። የሚጠራጠር ሰው የመዳፍ ያህል ቁራጭ ለምኖ ለሁለት ሰዓት በፈላ ውሃ ይቀቅለው። ንጣፎቹ ከተላቀቁ ከሻጩ ጋር ክርክር መግጠም አያስፈልግም፤ ቁራጩ ራሱ ይመሰክራል።

ችፑድ የሚባለው ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨፍልቆ የሚሠራው ሣንቃ ፊቱ በአንጸባራቂ ወረቀት ተሸፍኖ ሲታይ ከሁሉ ያምራል። ዋጋውም ገዥን ይጋብዛል። ነገር ግን ከጠርዙ ወይም ከቪቴ ቀዳዳው ውሃ ከገባበት እንደ ረጠበ ዳቦ ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞው ቅርጹ አይመለስም። ቪቴውም ጅማት ስለሌለው ከሣንቃው ውስጥ ተነቅሎ ይወጣል። በተጨማሪም ፍቅፋቂውን የሚያጣብቀው ሙጫ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ዓይን የሚያስለቅስ ጋዝ ይለቃል፤ ሙቀትና ርጥበት በበዛ መጠን የሚወጣው ጋዝ ይበዛል። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። አቅም ከዚህ ሌላ የማይፈቅድ ከሆነ ግን የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየው ጀርባና የታችኛው ጫፍ ጭምር፣ በቀለም ወይም በማጣበቂያ መደፈን አለበት።

ከእንጨቱ ቀጥሎ የሚመጣው የብረት ዕቃው ነው፤ ይኸውም ማጠፊያው፣ እጀታው፣ መቀርቀሪያው፣ ቪቴውና የመሳቢያው ሐዲድ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በእንጨቱ ላይ ጨርሶ በዚህ ላይ ይቆጥባል። በባሕር ዳር ከተማ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆን ይገባዋል፤ ምክንያቱም መካከለኛ እንጨት በጥሩ ማጠፊያ ዓመታት ሲያገለግል፣ ውድ እንጨት በመጥፎ ማጠፊያ ከሁለት ካምሲን አያልፍም። ዝገት የሚፈጠረው ብረት ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ጨው ርጥበትን ከአየር ስቦ በብረቱ ፊት ላይ ስለሚያቆይ፣ የዝገቱንም ሂደት ስለሚያፋጥን፣ ባሕር ዳር ያለ ብረት ከደጋው ብረት ቀድሞ ያልቃል። በጅቡቲ የሚቀዳው የከርሰ ምድር ውሃም ጨዋማ ስለሆነ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ማጠፊያ በደረቅ ጨርቅ ካልታበሰ ጨው ሲቀባ እንደዋለ ይቆጠራል።

የማጠፊያን ምንነት በዓይን ብቻ ማወቅ ያስቸግራል። አንጸባራቂ የሆነው ሁሉ የማይዝግ አይደለም። ተራ ብረት በቀጭን የኒኬል ወይም የክሮም ንጣፍ ተሸፍኖ ይሸጣል፤ ንጣፉ አንድ ቦታ ላይ እንደተጫረ ዝገቱ ከሥር ይጀምራል። ዚንክ የተቀባው ከዚህ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዚንክ ብረቱ ሳይነካ አስቀድሞ ራሱ ይበላል። ዚንኩ ሲያልቅ ግን ጥበቃውም ያልቃል። እውነተኛው የማይዝግ ብረት ውስጡ ድረስ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ነው። ከእርሱም ሁለት ዓይነት በብዛት ይታወቃል፤ ቁጥር 304 የሚባለው ለተራ ወጥ ቤት የሚበቃ ሲሆን፣ ቁጥር 316 ደግሞ ሞሊብዲነም ስለተጨመረበት ጨውን በተሻለ ይቋቋማል። ገዥው ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል። ማግኔቱ በኀይል ከተጣበቀ ዕቃው ተራ ብረት ወይም ዝቅተኛ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ካልሳበው ወይም በጥቂቱ ብቻ ከሳበው ከሁለቱ ጥሩ ዓይነቶች አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ናስም ማግኔት አይስበውም። ናስ በባሕር አየር ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ሽፋንም ያወጣል፤ ሆኖም እንደ ብረት ተቦርቡሮ አይወድቅም። ወፍራም የናስ ማጠፊያ ዋጋው ቢከብድም የሚያስቆጭ ግዢ አይደለም።

የማጠፊያው ቅርጽም ይታሰብበት። ሁለት ክንፍና አንድ ዘንግ ያለው የቆየው ማጠፊያ ሲበላሽ በየትኛውም ሱቅ ምትክ ይገኝለታል፤ ዘንጉንም ዘይት መቀባት ይቻላል። በበሩ ጀርባ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበረው ስውር ማጠፊያ ደግሞ በሩ በወቅቶች መለዋወጥ ቢያዘነብል ቪቴውን በማዞር ብቻ ማስተካከል ያስችላል። ይህ በባልባላ ትልቅ ጥቅም ነው። ብዙ ትንንሽ ክፍሎችና ሞላ ስላሉት ግን በዝገት በቀላሉ ይያዛልና ከማይዝግ ብረት ካልተሠራ የቆየው ይመረጣል። ቪቴዎቹ ከማጠፊያው ጋር አንድ ዓይነት ብረት መሆን አለባቸው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨዋማ ርጥበት ላይ ሲነካኩ እንደ ትንሽ ባትሪ ስለሚሆኑ አንደኛው ሌላውን ይበላዋል፤ በአልሙኒየም እጀታ ዙሪያ በተራ ብረት ቪቴ ምክንያት የሚታየው ነጭ ዱቄት የዚህ ውጤት ነው። ለመሳቢያ ባለ ኩሽኔታ ሐዲድ ምቹ ቢሆንም የካምሲን አቧራ ሲሞላበት ይንገጫገጫል። ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ተራ ሐዲድ በሻማ ታሽቶ ያለ ድምፅ ይሄዳል፤ አይዝግም።

የቅብ ሥራ ዓላማው ውበት ብቻ አይደለም፤ ርጥበት ወደ እንጨቱ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ፍጥነት መቀነስ ነው። ፈጽሞ የሚያስቀር ቅብ የለም። በዚህ ምክንያት ሥራው በፊቱ ብቻ ተቀብቶ ጀርባው ራቁቱን የቀረ በር ከሁሉ የከፋ ነው። የተቀባው ወገን ርጥበት ቀስ ብሎ ሲያስገባ ያልተቀባው ቶሎ ስለሚያብጥ በሩ እንደ ጎራዳ ሳህን ይጎብጣል። ስለዚህ የፊቱም፣ የጀርባውም፣ የአራቱም ጠርዝ ቅብ እኩል ይሁን። በተለይ ጅማቶቹ የተቆረጡበት የሣንቃው ጫፍ ውሃን እንደ ገለባ ስለሚመጥ አንድ ዙር ይጨመርለታል።

ከቅቦቹ ውስጥ ቬርኒሽ የእንጨቱን መልክ ሳይሰውር ጠንካራ ሽፋን ያበጃል፤ ቅባትና ውሃ በላዩ ሲያልፍ በጨርቅ ይጠረጋል። የቅባት ቀለም ከቬርኒሽ ይልቅ ርጥበትን ይከላከላል፤ ለፈረንጅ ጥድና ለኮምፔንሳቶም ይስማማል። የተልባ ዘይት ለእንጨቱ ሞቅ ያለ መልክ ይሰጠዋል፣ ሲያረጅም ሳይፋቅ በላዩ ላይ ይደገማል፤ የመከላከል ኀይሉ ግን ከሁለቱ ያነሰ ነው። ከማንኛቸውም በፊት እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ተጀምሮ ወደ ለስላሳው፣ በጅማቱ አቅጣጫ መታሸት አለበት። ሦስት ቀጫጭን ዙር ከአንድ ወፍራም ዙር ይበልጣል። በካምሲን ወራት መቀባት አይገባም፤ አቧራው እርጥቡ ቬርኒሽ ላይ ተጣብቆ ሻካራ ያደርገዋል፤ ከፍተኛው ሙቀትም ላዩን ቶሎ አድርቆ ያሸበሽበዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ የሌሊቱ ጤዛ ከተነሣ በኋላ ረፋዱ ላይ የተቀባ ሥራ ያማረ ይወጣል።

ስለ ተልባ ዘይት አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ዘይት የሚደርቀው በመትነን ሳይሆን ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው፤ በዚያን ጊዜም ሙቀት ያመነጫል። ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እየጨመረ ይሄድና፣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። አየሩ 40 ዲግሪ በሆነበት፣ ቤቱም ጣውላ በሆነበት ሰፈር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ በሚጋራበት ቦታ ይህ የአንድ ቤት አደጋ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጨርቁ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውሃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይነከር። በተመሳሳይ ምክንያት የናፍጣም ሆነ የጋዝ ምድጃ ከቁም ሣጥኑ በር በታች ወይም በቅርብ አይቀመጥም።

ቁም ሣጥኑ ከተሠራ በኋላ አቀማመጡ ይቀራል። ወለሉ ላይ በቀጥታ መቀመጥ የለበትም፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የብረት ወይም የሲሚንቶ እግር ላይ ይቁም። እንዲህ ሲሆን ወለል ሲታጠብ ውሃው አይነካውም፤ ምስጥም ተሰውሮ ሊወጣ አይችልም፤ በሥሩ በመጥረጊያ ማጽዳት ይቻላል። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ የጣለው ከባድ ዝናብ ብዙ ቤቶችን በጎርፍ እንዳጥለቀለቀ ስናስታውስ፣ የእግሩ ቁመት ለምስጥ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። ከቆርቆሮው ግድግዳም የሁለት ጣት ያህል ይራቅ፤ ቆርቆሮው ሌሊት ሲቀዘቅዝ የሚያወጣው ላብ ወደ እንጨቱ ጀርባ እንዳይፈስ ነው።

ለአናጢው ትእዛዝ ሲሰጥ ወሩም ይቆጠር። በሐምሌ፣ እንጨቱ እጅግ በደረቀበት ጊዜ የሚገጠም በር በየጎኑ የ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልገዋል፤ አለዚያ በጥር አብጦ ይነክሳል። በጥር የሚገጠም በር ግን ጠበቅ ብሎ ቢገጠም አይጎዳም፤ በኋላ ራሱ ይላላል። ቀሪው ሒሳብ የሚከፈለው በሩ፣ መሳቢያውና መቀርቀሪያው እየተከፈተና እየተዘጋ ከታየ፣ ጀርባውም ተዙሮ ቅቡ ከተመረመረ በኋላ ነው። አናጢው የተረፈውን ቬርኒሽና አምስት ስድስት ትርፍ ቪቴ በትንሽ ጣሳ አድርጎ እንዲያስረክብ ይጠየቅ፤ በሚቀጥለው ዓመት ካምሲን ካለፈ በኋላ የላሉትን ማጥበቅና የተጫረውን መቀባት ያስፈልጋልና።